የሰባት ሰው ምራቅ

ሥራዬ ማጣራት ነው። ኮሌጃችን ሕንፃ አለው ለማለት ያስቸግራል፤ ያለው ሰሌዳ ነው። ተማሪው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ሰሌዳው ላይ ይገባል፣ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ይወጣል። ከውጭ ድርጅት የሚመጣ መማሪያ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ከመሰቀሉ በፊት እኔ ጋ ይመጣል። አርባ አንድ ጥያቄ ያለው ቅጽ አለኝ። ሠላሳ አምስቱን ካሟላ ያልፋል። ካላሟላ አስተካክለው ያመጡታል፣ ያኔ ያልፋል።

ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ዛሬ ወረፋው ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ መማሪያ አለ። አንዱ እስኪከፈት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ይህን የምጽፈው በዚያች አራት ደቂቃ ነው።

ያሳለፍኳቸውን ልንገራችሁ። ተማሪው ክፍል ሲቀር የሚያለቅስ መማሪያ አለ። መጀመሪያ ቀን እንባ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ያስመልሰዋል። አልፏል። በእናትህ ድምፅ «የቤት ሥራህን ጨርስ» የሚል አለ፤ እናትየዋ ብትሞትም አያቆምም። ጥያቄ 17 የሚለው «ድምፁ በግልጽ ይሰማል ወይ?» ነው። ይሰማል። አልፏል። የወደቀን ተማሪ ውጤት ለጎረቤት የሚልክ አለ። እሱን ጣልኩት፤ የጣልኩት ማየት ለተሳናቸው ስለማያነብ ነው። አስተካክለው አመጡት። አሁን ማየት ለተሳነው ጎረቤትም ያነባል።

«ያስጠላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም።

ከፈተ። ልመለስ።

*

ድሬዳዋ ነው ያለሁት። በ2071 ሰው ድሬ ላይ እንዴት ይኖራል አትበሉኝ። ንጋት 11 ሰዓት ሥራ እንገባለን፣ ጠዋት 4 ሰዓት ከተማው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውጭ ፍየል እንኳን አይታይም።

«አስተውል» የሚባለውን መማሪያ ያሳለፍኩት ባለፈው ሐምሌ ነው። ከስልኩ ጀርባ የጥፍር ያህል ነጭ ነገር ትለጠፋለች። ክፍል ውስጥ በየአሥር ደቂቃው ደወል ይጮኻል። ተማሪው ይልሳታል። አስተውል ምራቁን አይቶ ልጁ እያስተዋለ ይሁን አይሁን ይናገራል። ክፍሉ ሲያልቅ አረንጓዴ ወይ ቀይ። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ቀይ ያገኘ ከሰሌዳው ይወጣል። ሰው አይጠየቅም፣ ራሱ ያስወጣዋል።

ተማሪዎቹ ከረሜላ ነው የሚሏት።

አንዴ የአዋላጅነት ክፍል ገብቼ አየሁ። ሦስት መቶ ፊት በትንንሽ ካሬ። ደወሉ ጮኸ። ሦስት መቶ ምላስ ወጣ። መምህሩ ንግግሩን አላቋረጠም። አንዷ ልጅ ሕፃን እያጠባች ነበር፤ ስልኩን በሕፃኑ ራስ ላይ አሳልፋ ላሰችና መልሳ አስቀመጠችው። ሕፃኑ ጡቱን ለቆ ቀና ብሎ አያት።

ዘጋሁት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በትኩረት ግን ከአገር አንደኛ ወጣን። ዲናችን ዶክተር ያፌት ባነር አሠርቶ በር ላይ ሰቀለ። ማንም በዚያ በር አይገባም። ባነሩም ሳምንት ሳይሞላው ፀሐይ አነጣው።

*

ሐሙስ ዕለት ሰው መጣ። በእግሩ። የመጨረሻው በእግሩ የመጣ ተማሪ መቼ እንደነበር ትዝ አይለኝም።

ሒክማ ትባላለች። አዋላጅነት፣ የመጨረሻ ዓመት። ልትመረቅ ዘጠኝ ሳምንት ቀርቷታል። ሻርፗ በላብ ርሷል።

«ሚስ ሶልያና እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ግቢና በሩን ዝጊው፣ ሙቀቱ እየገባ ነው።»

«ሁለት ቀይ አለብኝ።»

«ለመምህርሽ ንገሪ።»

«መምህሬ ሰው አይደለም።»

እውነቷን ነው። እሱንም ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።

«ታጠኛለሽ?»

«በፈተና ከክፍሉ ሁለተኛ ነኝ፣ ሚስ። ምራቄን ነው ያልተቀበለኝ።»

«ሌሎቹ ምን ቢያደርጉ ነው አረንጓዴ የሚሆኑት?»

ወለል ወለሉን አየች።

«ይቅማሉ።»

«ምኑን?»

«ጫት ነዋ! ሁሉም ቅመው ነው የሚገቡት። የቃመ ሰው ቀይ አይቶ አያውቅም። ቤታቸው ጫት ገብቶ የማያውቅ ልጆች እንኳን ጀምረዋል። መዝሙር የምትዘምረው ቢታንያ፣ እሷ ራሷ ጉንጯን ወጥራ ነው የምትገባው።»

«አንቺስ?»

«ሞከርኩ። አንድ ሳምንት። ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ እናቴ እንዳታየኝ ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ። እያስመለሰኝ።» ሳቅ ልትል ፈለገችና ተወችው። «አረንጓዴ ሰጠኝ። ያን ሳምንት የተማርኩት አንድ ቃል ትዝ አይለኝም፣ አረንጓዴ ግን ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

ሻርፗን ገለጥ አደረገች። ከአንገቷ ሥር የጀመረ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ጠባሳ አለ።

«ልጅ ሆኜ የልብ ኦፕራሲዮን ተሠርቻለሁ። በስምንተኛው ቀን ወደቅኩ። ሐኪሙ ለቤተሰቦቼ ሁለተኛ ከቃመች እኔ ጋ አታምጧት፣ አትደርስም አላቸው።»

«ቀጣዩ ክፍልሽ መቼ ነው?»

«ሰኞ 12 ሰዓት፣ ንጋት። ሳልቅም ከገባሁ ሦስተኛው ቀይ ነው። ከቀረሁም ቀይ ነው። ከቃምኩ...» ትከሻዋን ሰበቀች።

«ፀሐይ ሳይበረታ ሂጂ። አየዋለሁ።»

«ሁሉም አየዋለሁ ነው የሚለው፣ ሚስ።»

በሩን ዘግታ ሄደች። በደንብ ነው የዘጋችው።

*

የአስተውልን ፋይል አወጣሁ።

ጥያቄ 29፦ «መማሪያው ለአካባቢው ሰው ተስተካክሏል ወይ?» አዎ ብያለሁ። ማስረጃውም ተያይዟል። ድርጅቱ በየከተማው ከሰባት ሰው ምራቅ ይወስዳል። የተማረ፣ የነቃ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው ይላል። የሰባቱ ምራቅ መለኪያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ሁሉ የሚለካው በእነሱ ነው።

የኛ ከተማ ሰባቱ እኛው የማጣሪያ ኮሚቴው አባላት ነን። ቀን፦ ሐምሌ 9። ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡40።

ሰዓቱን ደግሜ አነበብኩት።

9፡40 ላይ ድሬ ውስጥ ቢሮ የለም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዶክተር ያፌት ቤት ነው፣ ምድር ቤት ያለው መጅሊስ ላይ። ሁሌም ከተማው ሳይዘጋ ገብተን እዚያው እንውላለን። ቃለ ጉባኤው «በኮሌጁ አዳራሽ» ይላል፤ አዳራሹ ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ ነው። ጫማ እናወልቃለን፣ ትራስ እንደገፋለን፣ የጫቱ ዙርባ ይፈታል፣ አጀንዳ ይነበባል። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ነገር ይጸድቃል። በርጫ ነው እንጂ ስብሰባ አይደለም ያለ ሰው የለም። እኔም ብዬ አላውቅም።

ያን ቀን ከረሜላዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ። የሰባታችንም ጉንጭ ሞልቶ ነበር። በሾርባ ሳህን አዞርኳት። ያፌት ላሰ። ቀጥሎ ያለው ላሰ። አንዱ አረንጓዴ ልጋግ አንጠባጠበባት፤ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩና አሳለፍኳት። መጨረሻ ላይ እኔ ላስኩ። ሞቃለች። መራራ ናት። ድርጅቱ በአምስት ደቂቃ መለሰ፦ «እጅግ ከፍተኛ ትኩረት ያለው ማኅበረሰብ»። አጨበጨብን።

እንግዲህ ይኸው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ያስተዋለ ሰው ማለት ያን ከሰዓት የኛን አፍ የመሰለ ነው።

ሐሙስ ዕለት በርጫ አልሄድኩም።

*

መጀመሪያ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ አነሳ። ሰው አይደለችም፤ ግን ትተነፍሳለች።

«የልብ ሕመም ያለባት ተማሪ አለችን» አልኩ። «ከአስተውል ነፃ አድርጉልኝ።»

«ልቧ አስተውልን እንዳትልስ ይከለክላታል?»

«አይከለክላትም።»

«እንግዲያው መላስ ትችላለች።»

«መለኪያው ነው የተበላሸው።»

«የእርስዎ ከተማ መለኪያ በጥራት ከአገር አንደኛ ነው። እንኳን ደስ አለዎት።»

ዘጋሁባት። እሷ ቀድማ ዘግታለች።

*

ለሙኒር ነገርኩት። ሙኒር የሰው ኃይል ኃላፊ ነው፣ ከሰባቱ አንዱ። አፉ አያርፍም።

«አቦ ሶሊ፣ አትግደይኝ!» ሳቀ፣ ሳቀና አሳለው። «እና ይሄ ሁሉ ተማሪ የሚለካው በያፌት የጫት ገራባ ነው በይኛ!»

«ባንተም ነው።»

«የኔማ ያወዳይ ጫት ነው፣ አታወዳድሪው።»

«ልጅቷ ሰኞ ትወጣለች፣ ሙኒር። ወይ ቅማ ትሞታለች።»

ሳቁን ዋጠው። «ለያፌት ንገሪው።»

«አብረን እንግባ።»

«እኔ? ወላሂ አልገባም። የልጆች አባት ነኝ።»

ብቻዬን ገባሁ። ዓርብ ጠዋት፣ 2 ሰዓት። ዶክተር ያፌት ያየኝ በቀና ፊት ነው፤ ፊቱ ሁሌ ቀና ነው።

«ዶክተር፣ የአስተውል መለኪያ መደገም አለበት። በጠዋት፣ ባልቃመ አፍ።»

«ምን ብለን ነው የምናስደግመው?»

«እየቃምን ነው የሰጠነው ብለን።»

«የት ላይ ነው ይህን የምትጽፊው?»

«ቃለ ጉባኤ ላይ።»

«ቃለ ጉባኤው አዳራሽ ነበርን ይላል። ፊርማሽ አለበት።»

«አለበት።»

«ሶልያና፣ አንደኛ ነን እኮ።»

«በጫት።»

«በትኩረት። ድሬ ላይ ደግሞ ጫት ዛሬ ተጀመረ እንዴ?»

«ክፍል ለመግባት ብሎ ሽንት ቤት ተደብቆ የቃመ ግን አልነበረም።»

እያወራን በምላሱ ከጥርሱ መሃል የትናንቱን ቅጠል ይፈልጋል። አገኘው። ዋጠው።

«መደበቁ ነው ያስከፋሽ?» አለ፣ ደስ ብሎት። «እሱ ቀላል ነው። እሱን እናስተካክለዋለን።»

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ?»

«ልቧን የምትታመመው።»

«እ... እሷ። ሌላ የሚስማማት ትምህርት ይፈለግላታል። ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍት።»

ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ከሰሌዳው ከተነሳ አሥር ዓመት አልፎታል። አልነገርኩትም። ለምን ብዬ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ወረፋው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል። አዲሱ ከላይ ተቀምጧል፣ «አስቸኳይ» የሚል ተለጥፎበታል።

ስም፦ «የትኩረት ቅጠል»። ዓይነት፦ ከውጭ አቅራቢ የሚመጣ መማሪያ። ያቀረበው፦ የዲኑ ቢሮ።

አራት ደቂቃ አልፈጀም፤ ወዲያው ተከፈተ። ፎቶ ነው። አንድ ዙርባ ጫት፣ በኮባ የተጠቀለለ። ኮባው ላይ የኮሌጁ አርማ ታትሟል።

አርማውን አጉልቼ አየሁት። ከዚያ ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። ሥራዬ ነው።

ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? አዎ። በማንኛውም ስልክ? ስልክም አይፈልግም። ማየት ለተሳነው? አዎ። መስማት ለተሳነው? አዎ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ መጠቀም ይቻላል? በሦስቱም። የተማሪውን መረጃ ይሰበስባል? አይሰበስብም። ለሦስተኛ ወገን ያሳልፋል? አያሳልፍም። በመሃል ማስታወቂያ ያሳያል? አያሳይም። መብራት ሲጠፋ ያቋርጣል? ኧረ! ተማሪው ያለ መምህር እርዳታ ሊጠቀምበት ይችላል? ይችላል። ሰሌዳው ላይ ካሉ ሌሎች መማሪያዎች ጋር ይስማማል? አስተውልን አሰብኩ። በጣም ይስማማል።

አርባ አንድ ከአርባ አንድ።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ አንዱንም ያሟላ መማሪያ አይቼ አላውቅም። ምርጡ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፣ የሚያለቅሰው።

ተነስቼ አፌን ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ በሳሙና። ከሐሙስ ጀምሮ አልቃምኩም፤ የጫቱ ሀራራ ራሴን ሊሰነጥቀው ደርሷል። ጠረኑ ግን ከአፌ አልወጣም። ወይ መስሎኝ ነው።

ሙኒር ደወለ።

«ያፌት ቅጠሉ አለፈ ወይ እያለ ነው።»

«አርባ አንድ አግኝቷል።»

«ማሻአላህ! ፈርሚያ እንግዲህ።»

«እያየሁት ነው።»

«አቦ፣ ጫት ምኑ ይታያል?»

*

አልፈረምኩም። የአስተውልን ፋይል መልሼ ከፈትኩ፤ በዚህ ጊዜ ከመጨረሻው ወደ ላይ አነበብኩት።

ጥያቄ 38፦ «መረጃውን የሰጠ ሰው መልሶ ማውጣት ይችላል ወይ?» አዎ ብያለሁ። ሐምሌ ላይ ሳላነብ ነው አዎ ያልኩት። አሁን ውሉን አነበብኩ። ከሰባቱ አንድ ሰው ምራቁን ካወጣ መለኪያው ይፈርሳል። በእሱ የተሰጠ ቀይ ሁሉ ይሰረዛል። አዲስ ሰባት ሰው እስኪጸድቅ ዘጠና ቀን አስተውል አይሠራም።

ለሒክማ የቀራት ዘጠኝ ሳምንት ነው። ስልሳ ሦስት ቀን።

«ምራቄን ላውጣ» የሚለውን ተጫንኩ። «ምክንያትዎን ይምረጡ» አለኝ። ሁለት ምክንያት ነው ያለው። ሞት። ኮሌጁን መልቀቅ።

ሦስተኛ ካለ ብዬ ወደ ታች ሳብኩት። የለም።

እሑድን ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ፣ ራሴን አስሬ። ደመወዝ የማገኝበት ሌላ ነገር አላውቅም። አርባ አራት ዓመቴ ነው። የማውቀው ማጣራት ብቻ ነው፤ እሱንም እንደምታዩት ነው።

*

ሰኞ። 11 ሰዓት ከሩብ።

መልቀቂያዬን ሙኒር ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት። አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እዚያ ቀልድ የተጻፈ ይመስል።

«ሶሊ፣ ተይ። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሰባት ሰው ያገኛሉ። እዚያው መጅሊስ ላይ ነው የሚያስልሷቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ቅጠሉንም ተተኪሽ ያሳልፈዋል።»

«አርባ አንድ አግኝቶ ማን ይጥለዋል?»

«ታዲያ ለምን?»

«ልጅቷ የሚያስፈልጋት ስልሳ ሦስት ቀን ነው። ዘጠና አገኘሁላት።»

«አታውቂያትም እኮ!»

«እሷም አታውቀኝም። በኔ አፍ ስትለካ ነው የከረመችው።»

መልቀቂያውን ወደ እኔ ገፋው። መልሼ ገፋሁለት።

«መዝግበው። ክፍሉ ሊጀምር ነው።»

«ያፌት ይገድለኛል።»

«ዛሬ ሄደህ አብረኸው ቃም። ይረሳዋል።»

«ምላስሽ!» አለ። ግን መዘገበው። ሁለቴ ተሳሳተ፣ ሁለቴ አጠፋ፣ በሦስተኛው ገባ። «የልጆች አባት ነኝ» አለ ደግሞ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ወደ ጠረጴዛዬ ሮጥኩ። 11፡50። ምክንያት፦ ኮሌጁን መልቀቅ። የመጨረሻው ገጽ መጣ፦ «ማንነትዎን በምራቅዎ ያረጋግጡ።»

ከረሜላዋ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። ያችው የሐምሌዋ፣ የሰባታችን። አልጣልኳትም ነበር፤ ማስረጃ አይጣልም። ጠርዟ አሁንም አረንጓዴ ነው። አንድ የደረቀ ቅጠል ተጣብቆባታል። የማን እንደሆነ አላውቅም።

አልላስኳትም። ተፋሁባት።

አስተውል አሰበ፣ አሰበ።

«ሶልያና ታደለ። ማንነት፦ ተረጋግጧል። ትኩረት፦ የለም። ቀይ።»

ከታች ደግሞ በትንሹ፦ «ጥያቄዎ ተፈጽሟል።»

*

የሰሌዳው መግቢያ ፈቃዴ እስኪዘጋ ጥቂት ደቂቃ ቀረኝ። አሁን የምጠብቀው የሚከፈት መማሪያ የለም። የአዋላጅነት ክፍል ገባሁ።

ሦስት መቶ ፊት። ሒክማን ፈለግኳት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ ገርጥቷል፤ ግን ተቀምጣለች። ከስሟ ጎን ቀይ የለም። ከማንም ስም ጎን የለም።

መምህሩ ስለ ምጥ ሦስተኛ ደረጃ ያወራል።

አሥር ደቂቃ ሞላ። ደወሉ አልጮኸም።

ምላሶቹ ወጡ። አንድ፣ ሃያ፣ መቶ። ያልጮኸውን ደወል ሰምተው ላሱ። ያቺ የምታጠባዋ ልጅም ላሰች። ሕፃኑ አድጓል፣ አሁን ጭኗ ላይ ይቀመጣል። ስልክ የለውም። እሱም ምላሱን አወጣ፣ አየር ላሰ፣ መልሶ አስገባ።

ሒክማ ቀና አላለችም። እየጻፈች ነበር።